ከሞተር ክፍል በላይ ያለው ካቢን

ያ ሳምንት ሲጀምር ቤቱ እንዲህ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት። አንደኛው መኝታ ቤት ከኋላ በኩል ነው፤ መስኮቱ ልብስ ወደሚሰጣበት ግቢ ያያል። አብዱልከሪም የሚተኛው እዚያ ነበር። ልጁ ሙስጠፋ ድርብ መጋረጃ ሰቅሎለታል፤ የኮሪደሩ ድምፅ እንዳያልፍ ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ተወትፏል፤ የግድግዳ ሰዓቱ እንኳ ሲንቀጫቀጭ እንዳይረብሸው ወደ ሳሎን ተዛውሯል። ሁለተኛው መኝታ ቤት ከፊት፣ በመንገዱ በኩል ነው። ልክ ከሥሩ፣ ምድር ቤት፣ እንዳለች የምትባል ሴት ባልትና ሱቅ አላት፤ ሱቁ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የሚፈጭ ወፍጮ ቆሟል። ስለዚህ የፊተኛው ክፍል ሰው አልተኛበትም። ሻንጣው፣ ትርፍ ብርድ ልብሱ፣ ከጌጃ ሰፈር ሲመጡ የት እንደሚገባ ያልታወቀው ዕቃ ሁሉ እዚያ ተቆልሏል።

ወፍጮው ጠዋት ጠዋት አይሠራም ነበር። ይህን ያደረገችው ሙፊዳ ናት። በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሱቁ ወርዳ፣ "ልጄ እንዳሉ፣ ባለቤቴ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፤ እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ብታቆሚልን" ብላ ለመነቻት። እንዳለችም፣ "ኧረ እማማ ሙፊዳ! ለጋሼ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው!" አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮውን ከሰዓት በኋላ ብቻ ታስነሣ ጀመር።

ጠዋት መሆኑ ምክንያት አለው። አብዱልከሪም ዕድሜውን ሙሉ የጠዋት እንቅልፍ ሰው ነው። የንግድ መርከብ ላይ ሁለተኛ መሐንዲስ ነበር፤ የሞተር ክፍል ተራው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከተራው ወጥቶ ይታጠባል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ይተኛል። ጡረታ ወጥቶም ይህ አልቀረለትም። ሱብሒ ይሰግዳል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይጋደማል። ጌጃ ሰፈር ሳሉ በዚሁ መልክ ኖረ። ልደታ ከገቡ ወዲህ ግን መጋደሙን ይጋደማል እንጂ አይተኛም። ሌሊቱም ያው ነው፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ይነጋል። ትከሻው ሟሸሸ፤ ሲጠሩት ቆይቶ መመለስ አመጣ፤ አንድ ቀን ሻዩ ውስጥ ስኳር መጨመሩን ረስቶ ሦስት ጊዜ ጨመረ። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም፣ የደም ግፊቱ አልወርድ ያለው እንቅልፍ በማጣት ነው አለች። የሰጠችው ኪኒን ራሱን አዞረው እንጂ አላስተኛውም።

ሰኞ ማታ ሙስጠፋ መጥቶ ውሳኔውን ተናገረ።

"ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ሰንዳፋ ትገባላችሁ። እኔ ጋ ከመንገድ የራቀ ነው። ወፍ ካልጮኸች በቀር ድምፅ የሚባል የለም። ይህን ቤት እናከራየዋለን።"

ሙፊዳ የሻይ ብርጭቆውን ከፊቱ አነሣች። "ሰንዳፋ እኔ ማንን አውቃለሁ?"

"እኔን።"

"አንተማ ማታ ነው የምትገባው። ቀኑን ከማን ጋር ላውራ? ከላም ጋር?"

"እማዬ፣ አሁን ቀልድ አይደለም። አባቴን እይው እስቲ። እንደ ሻማ እኮ ነው እያለቀ ያለው።"

አየችው። አብዱልከሪም ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ እሱ የሚወራው ሌላ ሰው የሆነ ይመስል የእጁን ጀርባ ያያል። ከጌጃ ሰፈር ሲነሡ አንድ ጊዜ ከሰው ተቆርጣለች። ሁለተኛ መቆረጥ በዚህ ዕድሜዋ እንደማይሆንላት ታውቃለች፤ እሱ ካልተኛ ግን እዚህ መቆየቱም ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች።

"እስከ ቅዳሜ ከተኛስ?" አለች።

"ከተኛማ ቃሌን አነሣለሁ። ግን አንድ ሰዓት አንገቱን ደፋ አድርጎ አይደለም፤ እንደ ሰው ከተኛ።"

ማክሰኞ ወተት በማር ሞከረች። ረቡዕ እግሩን በሙቅ ውሃ አሸችለት። ሐሙስ የሬዲዮኑን ገመድ ነቀለች፤ ጎረቤት ልጆች ደረጃው ላይ እንዳይሮጡ ከረሜላ አከፋፈለች። ቤቱ እንደ መቃብር ዝም አለ። አብዱልከሪም ዝም ባለው ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ነቅቶ ዋለ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሠርካዲስ በሩን በጣቷ ጫፍ መታች። ሠርካዲስ ከላይኛው ፎቅ ናት፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣች፣ ስልኳን ከመነጽሯ ቀድማ የማታገኝ፣ መነጽሯንም ካገኘች ስልኳን የምትረሳ። የዚያን ዕለት ሁለቱም በእጇ ነበሩ።

"ካፒቴኗ አለሽ?" አለች በሹክሹክታ።

ሕንጻው ውስጥ የሙፊዳ ስም ይኸው ነው። አብዱልከሪም በሠራበት ዘመን መኮንኖች በዓመት አንድ ጉዞ ሚስቶቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው ነበር። ብዙዎቹ ሚስቶች አንዴ ሞክረው፣ ሆድ ዕቃቸውን ለቀይ ባሕር ገብረው፣ ሁለተኛ አልሄዱም። ሙፊዳ ግን በየዓመቱ ሄደች። ልጅ ስትወልድ ብቻ አረፈች። ጄዳን፣ ቦምቤይን፣ ስዊዝን፣ ጄኖቫን፣ ሃምቡርግን በክብ መስኮት አይታለች። ስለዚህ መርከብ ማለት ምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው፣ ለማይጠይቃትም፣ ያላት አስተያየት ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም።

"ግቢ፣ ቀስ በይ ብቻ። ከኋላ ተጋድሟል" አለቻት።

ሠርካዲስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "መቅዲ እኮ ጉድ አመጣችብኝ! ዱባይ ነይ ብላ ቲኬት መላኳን ነግሬሽ የለ? ለካ ለዱባይ ብቻ አይደለም። መርከብ ላይ ልትጭነኝ ነው! ሳምንት ሙሉ! እየተበላ፣ እየተጠጣ፣ እየተዋኘ!"

"አንቺ ልትዋኚ?"

"ኧረ በልደታ! በልብሴ እንኳ አልነካውም። ስሚ፣ ስሚ፤ ዛሬ ክፍል ምረጪ ትላለች። አዳምጪ።" ስልኳን ነካች። የመቅዲ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ሙፊዳ በፍጥነት በትራስ አፈነችውና ሁለቱም ትራሱ ላይ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። "እማ፣ ሦስት ዓይነት ካቢን ነው ያለው። መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው። እኔ በረንዳ ያለውን፣ ከላይ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ልያዝልሽ። እይታው ቆንጆ ነው። የመጠጥ ፓኬጅም አለ። ፍራፍሬ ቅርጫት፣ ጋውን፣ ከካፒቴኑ ጋር እራት..."

"አቁሚያት" አለች ሙፊዳ። "ልጅቷ ሆቴል ነው የመሰላት።"

"ምን ልበላት ታዲያ?"

ሙፊዳ ሻርፗን ከአንገቷ አላላች። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ።

"አንደኛ፣ አሥረኛ ፎቅ ብሎ ነገር የለም። ዥዋዥዌ ታውቂ የለ? ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ ይወጣል ይወርዳል፣ መሐል የቆመው ግን ንቅንቅ አይልም። መርከብም እንደዚያው ነው። መሐል ሁኚ፣ ዝቅ በይ። ፊት በኩል ከሰጡሽ እንዳትቀበዪ። መልሕቅ ያለው እዚያ ነው፤ ሲለቁት የብረት ጋሪ በደረጃ ሲንከባለል ነው የሚመስልሽ። ከኩሽና ሥርም አትሁኚ፤ ወንበር ሲጎተት ይነጋል።"

"በረንዳውስ?"

"እዚህ በረንዳ የለሽም?"

"አለኝ።"

"ምን አስቀመጥሽበት?"

ሠርካዲስ አሰበች። "ከሰልና የሽንኩርት ዘንቢል።"

"በቃ። እዚያም ያው ነው። በዱባይ ሙቀት ማን ይወጣል? ደግሞ ጨው ይጋገርበታል፤ ወንበሩን ስትነኪው እጅሽ ይጣበቃል።" ድምፅዋ ለዘብ አለ። "መስኮት ያለውን ግን ያዢ። ባሕር ለማየት አይደለም፤ ባሕር አንድ ቀን አይተሽው ይበቃሻል። ወደብ የሚገባበት ሰዓት ስላለ ነው። አሰብ ስንገባ፣ ገና ሊነጋ ሲል፣ እኔ በመስኮቷ ፊቴን ለጥፌ ነበር የማየው። የጨው ክምሩ መጀመሪያ ግራጫ ነው፤ ቀጥሎ ሮዝ ይሆናል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ዓይን ይወጋል። ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ጄኖቫ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተራራው ላይ መብራቱ ተዘርግቶ፣ መርከቧ ቀስ እያለች ስትጠጋ፣ ቤቶቹ ወደ አንቺ የሚመጡ ይመስልሻል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ምግብ አብሳዩ እንኳ ማንኪያውን እንደያዘ ይወጣል።"

"ወይኔ" አለች ሠርካዲስ። "አሰብን እኔ በካርታ ነው የማውቃት።"

"አሁንማ ሁላችንም በካርታ ነው።"

ከኋላኛው ክፍል አልጋው ሲጥ አለ። ሁለቱም አንገታቸውን አቀኑ። ድምፁ አልተደገመም።

"ነቅቷል" አለች ሙፊዳ። "ሁልጊዜ ነቅቷል።"

"መጠጡስ?" አለች ሠርካዲስ፣ ወሬውን ወደ ደስታው ለመመለስ። "ፓኬጅ ትላለች።"

"ስንት ነገር ልትጠጪ ነው? አንቺ አንድ አምቦ ውሃ ለሁለት ቀን የምታደርሺ ሰው! ይቅርብሽ። መርከብ ላይ የመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር አፍሽ ውስጥ አይግባ። ወተት እርም ነው። ደረቅ ዳቦ፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ። ውሃው ብረት ብረት ካለሽ ሎሚ ጣል አድርጊበት። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ጠጪ። እኛ መርከብ ላይ ቦጂያ የሚባል ኩክ ነበር፤ የወለጋ ልጅ፣ እጁ የተባረከ። ቀይ ባሕር ላይ ብረቱ ሲግል ከርከዴ አፍልቶ፣ በበረዶ አቀዝቅዞ፣ በትልቅ ጣሳ ሞተር ክፍል ያወርድላቸዋል። የኔን ለብቻ፣ ስኳር ሳያበዛ፣ በብርጭቆ። ከዚያ ወዲህ ከርከዴ ስንት ቤት ጠጣሁ! እንደዚያ የሚሆን የለም።"

"ከካፒቴኑ ጋር እራትስ? እሱስ ክብር አይደለም?"

"ቅጣት ነው እንጂ! በሹካ ዓሣ እየገፋሽ፣ እሱ ስለ አየሩ እያወራ፣ በየመሐሉ ሰዓቱን እያየ። እኔ ሁለቴ በላሁ፤ ሁለቴም ተርቤ ተነሣሁ። ጥቅም ማለት እሱ አይደለም። ጋውኑም አይደለም፤ ፍራፍሬውም ለዓይን ነው። ዳቦ ጋጋሪው በስምሽ ካወቀሽ፣ ጠዋት የመጀመሪያውን ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሰጠሽ፣ ጥቅም እሱ ነው። ስለዚህ ስትገቢ ከካፒቴን ጋር አትሽኮርመሚ፤ ከኩሽናው ጋር ተወዳጂ።"

"አርባ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁት ከተላላኪው ጋር ተወዳጅቼ ነው፤ ይሄንንስ አታስተምሪኝም!" ሠርካዲስ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። መነጽሯን አስተካክላ የስልኳን መስኮት አሸች። "ቆይ፣ አንድ ነገር ደግሞ ጽፋለች። 'ጸጥታ ያለበት ክፍል፣ ከሞተር የራቀ፣ ለአረጋውያን ተስማሚ።' ይሄስ?"

"እሱን ደግሞ ቆይ ልንገርሽ" አለች ሙፊዳ። "ይሄን ካወራሁሽ ትስቂያለሽ። አንድ ጊዜ መርከባችን ግሪክ አገር ለጥገና ቆመች። ጥገናው ሲረዝም እኔና አብዱን በሰዎች መርከብ፣ እንግዲህ ያንቺ ዓይነት የሽርሽር መርከብ፣ አሳፈሩን። ምንጣፍ አለው፣ አበባ አለው፣ ትራስ ላይ ቸኮሌት አለው። ካቢናችን ከሞተር በጣም የራቀ። ዝም ያለ! የራስሽን ትንፋሽ ነው የምትሰሚ። እኔ ደስ ብሎኝ፣ አንዴ እንኳ እንደ ሰው ሽርሽር ልንሄድ ነው ብዬ። እሱ ግን ጉዞውን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም። ይነሣል፣ ኮሪደር ላይ ይዞራል፣ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። አንድ ሌሊት አጣሁት። ስፈልገው ከታች፣ የሠራተኞች በር ጋ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሰደብኩት! ሽርሽሬን አበላሸህብኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩት።"

ሠርካዲስ ሳቀች። "ታዲያ ሰውዬው ድሮም እንቅልፍ የለውማ! ያሁኑ ምን ይገርማል?"

"ድሮማ እንዴት ይተኛ ነበር መሰለሽ! በራሱ መርከብ ላይ ለጥ ነው የሚለው። እኛ ካቢን እኮ ከሞተር ክፍል በላይ ነበር። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ይጮኻል፣ እኔ የመጀመሪያው ሌሊት አልቅሻለሁ። እሱ ምን አለኝ? 'ይሄ ድምፅ ካለ ሁሉ ሰላም ነው፤ ዝም ሲል ነው የምትፈሪ' አለኝ። እውነቱንም ነው። አንዴ ከአደን ወደብ ወጣ ብለን ሞተሩ በሌሊት ቆመ። ጩኸት የለ፣ ምን የለ፤ ዝም አለ። መርከበኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቃ! ካናቴራ ብቻ የለበሰው፣ ባዶ እግሩን ያለው፣ ሁሉም ኮሪደሩ ላይ። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። ዝምታው ነው..."

ሙፊዳ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

"ምነው?" አለች ሠርካዲስ። "ምነው ሙፍዬ? አመመሽ?"

ሙፊዳ ግን ጌጃ ሰፈርን እያየች ነበር። ቤታቸው ከበከር የእንጨት ሥራ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። በከር ሦስት ሰዓት ሲሆን የእንጨት መላጊያ ማሽኑን ያስነሣል፤ የእነሱ ግድግዳ እስከ ምሳ ያንቀጠቅጣል። የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ እንዴት ትችሉታላችሁ፣ ይላል። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ነዘነዘችው፤ ቤት እንቀይር፣ ለበከር እንንገረው፣ አልጋውን እንኳ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ እናዙረው። አብዱልከሪም፣ "ሰፈሩ ደህና ነው" እያለ ያልፈዋል። አልጋውን ግን ከዚያ ግድግዳ አላነሣም። ቤቱን በርካሽ ስላገኘው ነው የማይለቀው ስትል ኖራለች። በከር ማሽኑን ሲያስነሣ እሱ እንደሚተኛ በየቀኑ አይታለች፤ አንድ ቀንም ሁለቱን አላገናኘቻቸውም።

አሁን ደግሞ ከልጇ ጋር ሆና መጋረጃ ደረበችበት፤ የበሩን ሥር ወተፈችበት፤ ሰዓቱን አወጣችበት፤ የእንዳለችን ወፍጮ በልመና አስቆመችበት። ሞተሩ ቆሞ ነው ሰውየው የነቃው። በየሰዓቱ፣ በየቀኑ፣ ማን ምን ሆነ ብሎ እያዳመጠ።

"ሠርኪ፣ ተነሽ" አለች። "አልጋ ታነሺልኛለሽ።"

"አልጋ?"

"ለመቅዲ ደግሞ ጸጥ ያለውን አትያዢልኝ በያት። መሐል፣ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ እንደ ድመት የሚያንኮራፋበት። አሁን ነይ።"

ሁለቱ የፊተኛውን ክፍል ባዶ አደረጉ። ሻንጣው ሳሎን ገባ፤ ብርድ ልብሱ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ሠርካዲስ እያማረረች፣ "በረንዳዬ ላይ ከሰል አለ ብትዪኝ ይሻል ነበር፤ ወገቤ!" እያለች አገዘች። ትርፉን አልጋ ገጥመው፣ እግሮቹ ወለሉን በደንብ እንዲነኩ አደረጉ። ሙፊዳ ከአልጋው ሥር ሊዘረጋ የነበረውን ምንጣፍ አንከባላ አወጣችው። ከዚያ ወደ ሱቁ ወረደች።

እንዳለች ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ቅንድቧ ሳይቀር ቢጫ ሆኗል።

"እንዳሉ፣ ነገ ጠዋት ወፍጮውን አስነሺልኝ።"

"ምን አሉኝ?"

"ሦስት ሰዓት ላይ። እስክትጨርሺ አታቁሚ።"

እንዳለች ወንፊቱን አስቀመጠች። "እማማ ሙፊዳ፣ ያኔ አቁሚ፣ አሁን አስነሺ! ወፍጮዬን ነው ወይስ እኔን የሚፈትኑት?"

"ባለቤቴን ነው። ይተኛበታል።"

"በወፍጮ ላይ?"

"መርከበኛ ነው።"

እንዳለች ይህን መልስ ገልብጣ አየችው፤ ስላልገባት ተወችው። "እኔማ ደስታዬ ነው። የሰርግ ሽሮ ይዤ ከሰዓት ብቻ እየፈጨሁ አልደርስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ደንበኛም ሌላ ቦታ ሄዱብኝ።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ጋሼ ታመው እንዴት ብዬ!"

ሙፊዳ የሴትዮዋን ቢጫ እጅ ያዘች። ደረጃውን ስትወጣ መዳፏ ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር።

ያን ሌሊት አብዱልከሪም እንደ ወትሮው ነቅቶ አደረ። ሙፊዳ ምንም አልነገረችውም። ቢነግሩት እንደ ሌላው ነገር ሁሉ፣ "ግዴለም፣ ተይው" ይላል፤ ግዴለም ማለቱን ፈራች። ቅዳሜ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ኋላኛው ክፍል ሲያመራ እጁን ያዘችው።

"በዚህ በኩል።"

በፊተኛው ክፍል በር ላይ ቆመ። አልጋውን፣ ባዶውን ወለል፣ መጋረጃ የሌለውን መስኮት አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ካቢንህን ቀየርኩልህ።"

"ማነሽ አንቺ? የካቢን አስተናጋጅ ሆነሽ?"

"ዝም ብለህ ተጋደም።"

ተጋደመ። ዓይኑ ወደ ጣሪያው ሄደ። ሙፊዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከታች የብረት በር ተከፈተ፤ የእንዳለች ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ወፍጮው አንድ ጊዜ አጓራ፣ ተንገጫገጨ፣ ዞረ። ወለሉ ከእግሯ ሥር ተነቃነቀ። የመስኮቱ መስተዋት ቀጭን ዜማ ያዘ። የአልጋው ብረት ያን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ላይ አወጣው።

አብዱልከሪም መዳፉን ከፍራሹ አውርዶ የአልጋውን ብረት ያዘ። ፊቱ ላይ የነበረው የአዳማጭ መወጠር ቀስ ብሎ ሲላላ አየችው፤ መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀጥሎ መንጋጋው።

"ቺንጋው ላልቷል" አለ።

"እ?"

"ቺንጋው፣ ቀበቶው። ትሰሚዋለሽ? ሲዞር ይንሸራተታል። ለልጅቷ ንገሪያት... አሁን ካልጠበቀ..." ድምፁ እየወፈረ ሄደ። "ቦጂያ ከርከዴውን አወረደ?"

"አወረደ" አለች ሙፊዳ።

"ያንቺን?"

"በብርጭቆ።"

ዓይኑ ተከደነ። ጣቶቹ ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ተፈቱ። ሙፊዳ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ወለሉ ከሥሯ ሲርገበገብ፣ በመስኮቱ በኩል የሜክሲኮ ታክሲዎች ጩኸት ሲመጣ፣ ጥግ ላይ የሌለች ክብ መስኮት ፈለገች። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ጠጉሯ የጨው ሽታ ነበረው፤ አጠገቧ ዘይት የሸተተ ሰው ተኝቶ፣ ነገ የትኛው ወደብ እንደሚገቡ አታውቅም ነበር፤ ማወቅም አላስፈለጋትም ነበር።

ሙስጠፋ ከዕቃ ማሰሪያ ገመድ ጋር መጣ። በሩን ስትከፍትለት ጣቷ ከንፈሯ ላይ ነበር። እሱ ግን ወፍጮውን ነው መጀመሪያ የሰማው።

"ይሄ ምንድን ነው? አቁማ አልነበር እንዴ! ቆይ ወርጄ..."

"ወርደህ ብትነካት ልጄ አይደለህም" አለችው። "ና፣ እይ።"

በሩን ገርበብ አደረገችለት። ሙስጠፋ አንገቱን አስግጎ አየ። አባቱ በጎኑ ተኝቶ፣ አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ አንድ እጁ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ፣ ከወፍጮው ጋር እየተፎካከረ ያንኮራፋል።

"በዚህ ጩኸት?" አለ ሙስጠፋ። ለመንሾካሾክ አስቦ ነበር፤ ወፍጮውን ለማለፍ ግን መጮህ ነበረበት።

"በዚህ ጩኸት ምክንያት።"

"እኔ እኮ መጋረጃውን... ሰንዳፋ ወስጄ..." በሩን ራሱ ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ከዚያ የሚያደርገው ነገር አስቂኝ መሆኑ ገባውና መልሶ ከፈተው።

"ቃልህስ?" አለች ሙፊዳ።

"እስኪነሣ ልየው መጀመሪያ። አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ አልቀበልም ብያለሁ።"

"ጠብቃ።"

ገመዱን ሳሎን ውስጥ ሻንጣው ላይ አስቀምጦ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሙፊዳ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ቀዳችለት። እሱ ጠጣ፤ በየመሐሉ ተነሥቶ አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሚስቱ ጋ ደውሎ፣ "ክፍሉን አታዘጋጂ፤ አይመጡም" አላት።

አብዱልከሪም ያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃ ተኛ።